የእንጨት ሕትመት መቅረጫ ቢላዬ ዶለዶመብኝ

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮምፔርሳቶ ላይ የሰው ፊት እየቀረጽኩ ነው። የጃፓን ቢላ ከገዛሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው፣ ግን እንጨቱን መቁረጥ ትቶ መቦጨቅ ጀምሯል። ትናንት የቅንድቡ ቀጭን መስመር ተገምሶ ወደቀ፣ እንባዬ ነው የመጣው። ቢላው ነው ወይስ እጄ?

ባለ ቀለሙ፦ እህቴ፣ ዶልዱሟል። የኮምፔርሳቶ ኮላ ስለት ይበላል። 1000 ቁጥር የውሃ ድንጋይ (በውሃ እየራሰ የሚሠራ መሳያ) ላይ ተዳፋቱን ጎን ሙሉ በሙሉ አስተኝተሽ፣ ሳታወዛውዢ ሳዪው። በጀርባው በኩል በጣትሽ ቀስ ብለሽ ስትዳስሺው ሻካራ ነገር ከተሰማሽ በቃ፣ ጀርባውን ድንጋዩ ላይ ልጥፍ አድርገሽ ሁለት ሦስቴ ጎተት አድርጊና ወደ ለስላሳው፣ ወደ 6000 ቁጥሩ ድንጋይ እለፊ። በኤሌክትሪክ መሳያ እንዳትሞክሪው! ብረቱ ከጋለ ጥንካሬው ይሄዳል።

ዋንዛ፦ ልክ ነው፣ ግን አያያዝሽንም እዪው። ስለቱ በመስመሩ ሥር ከገባ መስመሩ መቆሚያ ያጣል። ጫፉ ከመስመሩ እየራቀ እንዲወርድ እጀታውን ወደ መስመሩ ዘንበል አድርጊ፣ ያኔ ከታች ሰፋ ብሎ ይቆማል። እኔ ጣውላ ላይ የለጠፍኩት የድሮ ቀበቶ አለኝ፣ በየ20 ደቂቃው ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተትኩ አሸዋለሁ። ድንጋይ የምነካው ከስንት አንዴ ነው። ስባሪዋን ካገኘሻት በኮላ መልሻት።

ጀማሪዋ፦ አገኘኋት፣ ቅንድቡ ተመልሷል! ተባረኩ። የቪ ቅርጽ ያለው መቅረጫስ እንዴት ይሳላል?

ባለ ቀለሙ፦ እንደ ሁለት ቢላ ቁጠሪው። እያንዳንዱን ጎን ለየብቻው፣ እኩል ጊዜ።