የጋራ ፕሮፖዛል፦ የባሕር ውሃ ኬሚስትሪና የባሕር ጃርት ሽል (የዕቅድ ውይይት)

አስተባባሪ፦ ረቂቁ ውስጥ አምስት ዓይነት ጨውና ሦስት ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ሲወርድ ውሃው ይበልጥ አሲዳማ ይሆናል) ተደርድሯል፤ በዝቷል። ሊቲየም የባሕር ጃርትን ሽል እንደሚያዛባ ኩርት ኸርብስት እ.ኤ.አ. በ1892 ጽፎታል፣ እኛ ደግመን ብናሳየው ማንም አይደነቅም። ጥያቄያችን አንድ ይሁን፦ ፒኤች ከ8.1 ወደ 7.7 ሲወርድ የሜዲትራኒያኑ የባሕር ጃርት፣ ፓራሴንትሮተስ ሊቪደስ፣ አጽሙ ያጥራል ወይስ ዕድገቱ ብቻ ይዘገያል?

የሽል ክፍል፦ ጥሩ፤ ሊቲየም ግን ለማነጻጸሪያ ይቆይልን። በሊትር 1.27 ግራም ሊቲየም ክሎራይድ (30 ሚሊሞላር)፣ ጽንሰቱ እንደተረጋገጠ ወዲያው። ብላስቱላ (ሽሉ ባዶ የሕዋስ ኳስ የሚሆንበት ደረጃ) ካለፈ በኋላ ቢጨመር እምብዛም አይሠራም። የሠራ እንደሆነ አንጀቱ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ ወደ ውጭ ተገልብጦ ይወጣል፤ በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ጨው መጨመሩ ብቻውን ያመጣውን ለመለየት በሌላ ጠርሙስ 1.75 ግራም የገበታ ጨው፣ አዮዲን የሌለበት፣ ይግባ።

እንቁላል ለማግኘት በአፉ ዙሪያ ባለው ስስ ቆዳ በኩል 0.5 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ 1 ሚሊ ሊትር ይወጋል። ሴቷ ተገልብጣ የባሕር ውሃ በሞላ ቢከር አፍ ላይ ትቀመጥ። የወንዱ ዘር ግን ውሃ ሳይነካው ይሰብሰብና በረዶ ላይ ይቆይ፤ ከተበረዘ ቶሎ ይደክማል። ዘር ካበዛችሁ ደግሞ አንድ እንቁላል ውስጥ ከአንድ በላይ ይገባና ክፍፍሉ ገና ከጅምሩ ይበላሻል። ከ100 እንቁላል 95ቱ የጽንሰት ሽፋን (ዘር ሲገባ በእንቁላሉ ዙሪያ የሚነሣውን) ካላወጡ ያ የሴትና የወንድ ጥንድ ይጣል።

የኬሚስትሪ ክፍል፦ «ፒኤች በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይወርዳል» የሚለው ይሰረዝ። አሲድ ብቻውን የውሃውን አልካሊነት (አሲድን የማብረድ አቅሙን) ይበላል፤ በባሕር ላይ እየሆነ ያለው ግን እሱ አይደለም፣ ባሕሩ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውሰዱ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እናስነፍስበት፤ አልካሊነቱ ባለበት ይቆያል። ጋዝ ከሌለ አሲዱንና ሶዲየም ባይካርቦኔትን በእኩል ሞል መጨመር ወደዚያው ያደርሳል። ጠርሙሱ አየር ሳይቀርበት እስከ አፉ ይሞላ። ክፍት ሳህን ላይ ጋዙ ያመልጥና በማግስቱ ፒኤቹ ወደ ላይ ተመልሶ ታገኙታላችሁ። ሽሉ ከታጨቀ ደግሞ በራሱ ትንፋሽ ያወርደዋል፤ በሚሊ ሊትር ከ20 አይብለጥ።

የሽል ክፍል፦ አንድ የዘነጋነው ነገር አለ፤ ረቂቁ ናሙናውን በፎርማሊን ያቆያል። ያልተስተካከለ ፎርማሊን አሲዳማ ስለሆነ ከካልሳይት (የኖራ ማዕድን) የተሠራውን አጽም ያሟሟዋል፤ ከዚያ «ባሕሩ አሳጠረው» ብለን የራሳችንን ፎርማሊን እንለካለን! በቦራክስ ይስተካከል። ከዚያ በፊት እጭ (ከሽሉ ያደገው ዋናተኛ) በሕይወት እያለ በፖላራይዝድ ብርሃን (ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚርገበገብ) ፎቶ ይነሣ፣ አጽሙ ጨለማው ውስጥ አብርቶ ይወጣል። መዘግየቱን ከማጠሩ ለመለየት ደግሞ በ18 ዲግሪ፣ በ48ኛውም በ72ኛውም ሰዓት እንለካ። የዘገየ ብቻ ከሆነ በ72 ላይ ልዩነቱ ይጠባል።

ገንዘብ ያዥ፦ አራት ዓይነት ውሃ፣ ሦስት ጥንድ፣ ሦስት ጠርሙስ፣ ሁለት የመለኪያ ሰዓት፤ 72 ጠርሙስ። በጀቱ አይችለውም።

የኬሚስትሪ ክፍል፦ አንዴ የተከፈተ ጠርሙስ ተመልሶ ስለማይገባ ለየሰዓቱ ሌላ ያስፈልጋል፣ ያ ግን ለሁለቱ ፒኤች ብቻ ነው። ሊቲየሙና ጨው የተጨመረበት በ48 ሰዓት ብቻ ቢታዩ ይበቃል። 36 እና 18፣ በድምሩ 54።

ገንዘብ ያዥ፦ 54 ይሁን። ሦስቱን ጥንድ ግን አትቀላቅሉ፤ ለየብቻ ካልሆነ ገምጋሚው መልሶ ይልክብናል።