ጥቆማ፦ ጎንደር ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የት ይገኛል?

የማራኪዋ፦ ከአባቴ የወረስሁት የፊሊፕስ ሸክላ ማጫወቻ አለኝ። ሞተሩ ደህና ነው፤ ድምፁ ግን «ሰ» እና «ሸ» ላይ ሲደርስ ይሻክራል። መርፌው ያለቀ ይመስለኛል። የሚሸጥ ወይም የሚቀይር ሰው ጠቁሙኝ፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ማስመጣት ይሻላል የምትሉም ንገሩኝ። ሸክላዎቹ አብዛኞቹ ባለ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) ናቸው፤ ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ ሬከርድስ በ1960ዎቹ ያወጣቸውም አሉበት።

የፒያሳ ልጅ፦ ሌላ ቦታ አትልፊ። ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ሬዲዮ የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ። የቤታችንን ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮ፣ ካውያ ሳይቀር የሠሩት እሳቸው ናቸው።

የአዘዞው፦ መርፌስ ይሸጣሉ?

የፒያሳ ልጅ፦ ካውያ የሠራ ሰው መርፌ ያቅተዋል?

ሆድ የባሰው፦ ጠጋኝ ከተነሣ የእኔን ስሙ፤ ስሙን አልጠራም። መርፌው ይዘላል ብዬ ማጫወቻዬን ሰጠሁት። ሲመልስልኝ መርፌውን በያዘው ክንድ ላይ ባለ አንድ ብር ሳንቲም በፕላስተር ለጥፎበታል። መዝለሉንስ ተወ። ዘፈኑ አልቆ ክንዱን ሳነሣው ግን መርፌው ጫፍ ላይ ጥቁር ዱቄት ተሰብስቧል። ያ ዱቄት የሸክላዬ ገላ ነው! ብነግረው «አርጅቶ ነው» አለኝ። ገንዘቤንም አልመለሰም።

እመ ብርሃን ሰፈር፦ እኔም የስልኬን መስታወት ላስቀይር ሄጄ ድምፅ ማጉያው ጠፍቶ ተመለሰልኝ። ዘንድሮ ማንን ማመን ይቻላል?

የፒያሳ ልጅ፦ ሽማግሌው ሳንቲም አይለጥፉም።

ሆድ የባሰው፦ እሳቸው ናቸው አላልሁም። አንተ ምን አስደነገጠህ?

ዘመነኛው፦ አንድ የብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ግዥና ከዩቲዩብ አድምጪ። ዘፈኖቹ ሁሉ አሉ።

የአዘዞው፦ ድንቅ ምክር! በቅሎው ላነከሰችበት ሰው የአውሮፕላን ትኬት እንደ መቁረጥ ነው።

መላ ፈላጊው፦ እህቴ፣ ከሱቁ በፊት ካርትሪጁን፣ ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌው የሚሰካበትን ዕቃ፣ እዪው። ጎኑ ወይም ሥሩ ላይ ፊደልና ቁጥር ተጽፏል፤ በስልክሽ አጉልተሽ አንሺው። መርፌ የሚገዛው በዚያ ቁጥር ነው እንጂ በማጫወቻው ስም አይደለም። ከድሮዎቹ ካርትሪጆች ብዙዎቹ ሴራሚክ ስለሆኑ ሸክላውን ከ3 እስከ 6 ግራም ይጫናሉ፤ ማግኔት ላላቸው 2 ግራም ገደማ ይበቃቸዋል። ባለ ሁለት ጫፍ የሚገለበጥ መርፌ ከሆነ ለጥንቶቹ ባለ 78 ሸክላዎች በሚሆነው በኩል ዞሮ እንዳይሆን አረጋግጪ፤ የ78ቱ ጫፍ ወፍራም ስለሆነ ባለ 45 ላይ ድምፁን ያበላሻል። የሳፋየር መርፌ ርካሽ ቢሆንም ቶሎ ያልቃል፤ አልማዝ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ሊሠራ ይችላል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ አልማዙን አስመጪ። የመርፌውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ጥረጊ፤ ወደ ጎን ከገፋሽው መርፌውን የያዘው ቀጭን ዘንግ ይሰበራል።

የደብረ ብርሃኑ፦ ሸክላውን ራሱን በአረቄ ጥረጊው፤ ያበራል።

መላ ፈላጊው፦ በፍጹም! የጥንቶቹን ባለ 78 አልኮል ያሟሟቸዋል። አረቄውን ለእንግዳ አቆዩት።

ዳያስፖራ ዘመድ፦ ለምን ማጫወቻውን ራሱን አታስመጣም? የእኔ ከአሜሪካ መጣልኝ፤ ትራንስፎርመርም ገዛሁለት። ዘፋኙ ሁሉ ግን እንቅልፍ የያዘው ይመስላል።

መላ ፈላጊው፦ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) አይቀይርም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ሞተሩ በኸርዝ የሚመራ ከሆነ በደቂቃ 33 የሚዞረው 28 ገደማ ይዞራል። ለ50 ኸርዝ የተሠራ የሞተር ፑሊ (ሞተሩ ጫፍ ላይ የሚገባ ትንሽ መዘውር) ፈልግለት።

ዳያስፖራ ዘመድ፦ ፑሊው ጎንደር ይገኛል?

የፒያሳ ልጅ፦ ሽማግሌው ይቀርጹልሃል።

የማራኪዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቁጥሩን አገኘሁት፤ መጨረሻው ተፍቆ 3 ይሁን 8 አልለይ አለኝ። ፎቶውን ልላክ?

ሆድ የባሰው፦ ላኪ። ለጠጋኝ ግን አትስጪ።

የፒያሳ ልጅ፦ ሽማግሌው ያለ መነጽር ያነቡታል። እሑድ ግን ዝግ ናቸው።