ኡቡንቱ ላይ የዊንዶውስ ጌሞች አልከፈት አሉኝ፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ከጅማ ነኝ፣ ሊኑክስ ላይ ጌም የምትጫወቱ ካላችሁ በናታችሁ እርዱኝ። ላፕቶፔ ላይ ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ አይነት) ጭኜ ስቲም የሚባለውን የጌም መግዣና ማስነሻ ፕሮግራም አስገባሁ፣ ለሊኑክስ ተብለው የተሰሩት ጌሞች አሪፍ ነው የሚሰሩት፣ የዊንዶውሶቹ ግን እምቢ አሉ። እነሱን የሚያስነሳው የስቲም ፕሮቶን የሚባለው ነው፣ ዳይሬክትኤክሱን (የዊንዶውስ ጌሞች ግራፊክስ የሚጠቀሙበትን) ሊኑክስ ላይ ወደሚሰራው ቩልካን እየቀየረ፣ እኔ ጋ ግን ፕሌይ ስለው ትንሽ ያስብና ተመልሶ ፕሌይ ይላል፣ ኤረር እንኳን አያሳይም። ቩልካን እንደሚሰራ ቼክ አድርጌያለሁ፣ ድራይቨሩም ሰላም ነው።

የጠረጠርኩት ዲስኩን ነው። ጌሞቹ ያሉት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ሆኖ ፎርማቱ የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ነው፣ ፕሮቶን ደግሞ ለእያንዳንዱ ጌም ኮምፓትዴታ የሚባል ፎልደር ውስጥ እንደ ሲ ድራይቭ ያለ ነገር ይፈጥራል፣ እዛ ውስጥ ስማቸው ላይ ኮለን ያለባቸው ሊንኮች አሉ፣ ዊንዶውስ እንደዛ አይነት ስም አይቀበልም። ታዲያ ኮምፓትዴታን ብቻ ሆም ፎልደሬ ውስጥ አድርጌ በሲምሊንክ (ወደ ሌላ ቦታ በሚጠቁም ሊንክ) ባገናኘው ይበቃል? ወይስ ዲስኩ ማውንት ሲደረግ (ከሲስተሙ ጋር ሲገናኝ) ፐርሚሽኑም መስተካከል አለበት?

ፎርማት አድርገው እንዳትሉኝ ብቻ፣ ዲስኩን ወንድሜም ዊንዶውሱ ላይ ይጠቀምበታል፣ ያን ሁሉ ጊጋ እዚህ በሞባይል ዳታ እንደገና ማውረድ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ስቲሙን የጫንኩት በስናፕ ፓኬጅ ነው፣ በደብ (ሌላው የኡቡንቱ መጫኛ ፓኬጅ) ብቀይረው ለውጥ አለው? ትዕዛዞቹን ከነማብራሪያቸው ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል፣ ምን እየሰራሁ እንደሆነ መረዳት እፈልጋለሁ።