አስቸኳይ፦ የድንጋይ ከሰልና የቡና ገለባ ብሪኬት ቀላቅለን አመዱ ድንጋይ ሆነብን

ቦይለር ቤት፦
ወገኖቼ፣ ቶሎ ድረሱልኝ። የድንጋይ ከሰል ስለተወደደ የቡና ገለባ ብሪኬት (ተጨምቆ የተሠራ ማገዶ) እየቀላቀልን ነው ቦይለሩን፣ ማለትም የእንፋሎት ማፍያውን፣ የምናነደው። አሁን አመዱ ፍርግርጉ ላይ ቀልጦ እንደ ድንጋይ ተጋግሯል። የእንፋሎቱ ግፊት እየወረደ ነው። የማታ ሺፍት ሊገባ ነው። ውሃ ብንረጭበት ይለቃል?

ሰናይት፦
ውሃ በፍጹም! የጋለ ነገር ላይ ሲያርፍ በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል። ማገዶ መጨመሩን አቁሙ። ራሱ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ በረጅም ብረት ሰብራችሁ አውጡት።

እንዳልክ፦
ብሪኬቱ እርጥብ ነው። አድርቁት።

መምህሩ፦
ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቡና ከአፈር ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን በብዛት ይስባል። ገለባው ሲነድ ፖታሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራል። ከአሸዋ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ከ1,000 ዲግሪ በታች ይቀልጣል። ዴንማርክ ውስጥ ስቱድስትሩፕ የሚባል የኃይል ማመንጫ አለ። በ1990ዎቹ የእህል ገለባን ከከሰል ጋር አንድዶ ሞክሯል። የገለባው ድርሻ በሙቀት ሲሰላ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነበር። ከሰሉ ሲበዛ አመዱ ውስጥ ያለው ሸክላ መሰል ማዕድን ፖታሲየሙን ይይዘዋል። ገለባው ሲበዛ ግን የሚይዘው ያጣል።

የዲላ ልጅ፦
እኔ የማይገባኝ፣ ለምን ከሰል? አገሩ መብራት የሚያመነጨው በአብዛኛው ከውሃ ነው። የኤሌክትሪክ ቦይለር ትከሉ። ገለባው ኮምፖስት ሆኖ ለገበሬው አፈር ይመለስ።

ቦይለር ቤት፦
ወንድሜ፣ ያልከው የነገ ነው፤ እኔን የዛሬው ማታ ነው የጨነቀኝ። ብሪኬቱ ደረቅ ነው። «የተቆላ ነው፣ ችግር የለውም» ብለው ነው የሸጡልን። ግማሽ በግማሽ ነው የምንቀላቅለው።

እንዳልክ፦
ቢሆንም እርጥበቱን ለኩት።

ኩኩ፦
ቡናው ከተቆላማ ጀበና ጣዱበት 😄 ለማንኛውም ግማሽ በግማሽ በጣም ብዙ ነው። ከአንድ አስረኛ ጀምሩ። ገለባ ያለ አየር ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሲቆላ እርጥበቱ ይወጣል፣ ለመፍጨትም ይቀላል። ፖታሲየሙ ግን እዚያው ነው። እሱን የሚያወጣው ውሃ ነው። ገለባው ብሪኬት ሳይሆን በፊት ታጥቦ መድረቅ አለበት። ታጥቦ እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ። ገለባ ሲነድ ጋዙ ብዙ ስለሆነ ከእሳቱ በላይ የሚገባውን አየር ጨምሩ። ፍርግርጉ ላይ ያለውን ክምርም አሳሱት።

ሰናይት፦
ኩኩ ልክ ናት። የዲላ ልጅ፣ ሕንድም እኮ ዴልሂ አቅራቢያ ባለው የዳድሪ ኃይል ማመንጫ የሩዝ ገለባ ከከሰል ጋር ታነዳለች። እዚያ ገበሬው ማሳው ላይ ሲያቃጥለው ጭሱ ዴልሂ ድረስ ይገባል።

የዲላ ልጅ፦
ይሁን፤ የአፈሩ ነገር ግን አልተመለሰም። በየዓመቱ ከማሳው የሚወሰደውን ፖታሲየም ማን ይተካዋል?

መምህሩ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። የገለባ አመድ ለብቻው ቢሆን ማሳ ላይ ይበተን ነበር። ከከሰል አመድ ጋር ሲደባለቅ ግን ከባድ ብረቶች ስለሚኖሩት ሳይመረመር አይበተንም።

ሰናይት፦
ቦይለር ቤት፣ ሲቀዘቅዝላችሁ ቱቦዎቹንም እዩ። ገለባ ውስጥ ክሎሪን አለ፤ የተለጠፈው ነገር ከቆየ ብረቱን ይበላዋል። ምን ላይ ደረሳችሁ?