ዞአንቲዶቼን ሌሊት ሌሊት የሚበላብኝ ማነው? አኒሞኑም እየኮሰመነ ነው

ጥያቄ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። 14 ወር የሞላው ባለ 250 ሊትር የኮራል ገንዳ (የባሕር ውሃ አኳሪየም) አለኝ። እስካለፈው ወር ድረስ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። አሁን ግን በየጠዋቱ መብራቱ ሲበራ የሆነ ነገር ጎድሎ ነው የማገኘው። ወደ 40 ራስ የነበረው ዞአንቲድ (ራሶቹ እንደ ትንንሽ አበባ የሚከፈቱ የኮራል ዘመድ) 25 አካባቢ ቀርቷል፤ ከቀሩትም ግማሾቹ ተከድነው ይውላሉ። አጠገቡ ያለው የእንጉዳይ ኮራል ጠርዙ ተሸራርፏል። የመዶሻ ኮራሌ ደግሞ በአንድ ጎኑ ብቻ አልከፈት ብሏል።

አኒሞኑ (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ በጣቶቹ የሚነድፍ ለስላሳ የባሕር እንስሳ) የጣቶቹ ጫፍ እንደ አረፋ የሚያብጠው ዓይነት ነው። በሳምንት ሁለቴ ዓሣ እያጎረስኩት ከሳምንት ሳምንት እያነሰ መጣ።

በገንዳው ውስጥ ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ኮራል ቢዩቲ (ድንክዬ ኤንጅልፊሽ የሚባለው ዓሣ)፣ አንድ ክሊነር ሽሪምፕ፣ አንድ ኤመራልድ ሸርጣንና ጥቂት ቀንድ አውጣዎች አሉ። ከአምስት ሳምንት በፊት አይፕታዢያ (እንደ አረም የሚባዛ ትንሽ አኒሞን) ስለበዛብኝ እሱን እንዲበሉልኝ ሁለት ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ጨመርኩ። እስካሁን ግን አንድም ሲነኩ አላየሁም።

ውሃውን ትናንት ለካሁት፦ ጨዋማነት 1.025፣ ሙቀት 25.5፣ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) 8.5፣ ናይትሬት 8፣ ፎስፌት 0.06። ሌሊት በባትሪ ሳይ ዞአንቲዱ ላይ ጣቴን የሚያክል ፀጉራም ትል ተጋድሞ አገኘሁት። ጥፋተኛው እሱ ይመስለኛል። በምን መድኃኒት ላጥፋው?

መልስ (ድንጋይ ሥር)

ወንድሜ፣ እባክህ ምንም መድኃኒት አትጨምር። ትል የሚገድል መድኃኒት ሽሪምፖችህንም ሸርጣንህንም ላይምር ይችላል። ብዙ ትል አንዴ ሲሞት ደግሞ ውሃው ይበላሽና ያልታመመውም ኮራል ይታመማል።

ያየኸው ትል አብዛኛውን ጊዜ ፅዳት ሠራተኛ ነው። የሞተና የበሰበሰ ሥጋ ሸትቶት ይመጣል። ሬሳው ላይ ስለተገኘ ገዳይ ተባለ እንጂ ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። እርግጥ ፋየርዎርም የሚባለው ኮራል ይበላል፤ እሱ ግን ወፍራም ነው፣ በሁለቱም ጎኑ ነጭ የፀጉር ጥቅል ተደርድሯል፣ ከፀጉሩ ሥር ደግሞ ቀይ ላባ የመሰለ መተንፈሻ አለው። ያንተ ቀጭንና ሮዝ ከሆነ ተወው። በባዶ እጅህ ብቻ እንዳትነካው፤ ፀጉሩ ቆዳ ውስጥ ይሰበራል።

እኔን የሚያሳስበኝ ጉዳቱ የጀመረበት ጊዜ ነው። ሽሪምፖቹ ከገቡ አምስት ሳምንት፣ ኮራሉ መጎዳት ከጀመረ አንድ ወር። ለመሆኑ ፔፐርሚንት መሆናቸውን በምን አወቅህ? መልካቸውን አስተካክለህ ንገረን።

መልስ (ሞገድ)

እኔ ጣቴን ኮራል ቢዩቲው ላይ እቀስራለሁ። ድንክዬ ኤንጅልፊሽ ዓመት ሙሉ ጨዋ ሆኖ ኖሮ አንድ ቀን ሥጋማ ኮራል መቅመስ ይጀምራል፤ በእኔ ገንዳ የደረሰው ይኸው ነው። እንዲህ አድርገህ ፈትሸው። ከመስታወቱ ትንሽ ራቅ ብለህ ግማሽ ሰዓት ቁጭ በል። ዓሣው ሲጠጋ ፖሊፖቹ (የኮራሉ ራሶች) ሳይነካቸው አስቀድመው ከተሸበሸቡ እሱን ለምደውታል ማለት ነው። ካልሆነም በቀዳዳ ሳጥን ለአንድ ሳምንት እዚያው ገንዳ ውስጥ ለየው። ጉዳቱ ከቆመ እሱ ነው።

መልስ (ድንጋይ ሥር)

ሞገድ፣ ፍተሻው ጥሩ ነው፤ ቢሞክረው አይከፋም። ነገር ግን ኤንጅልፊሽ ሌሊት ተኝቶ ነው የሚያድር። የጠያቂው ዞአንቲድ የሚጠፋው ደግሞ በጨለማ ነው። ቀኑን ሙሉ ደህና ውሎ ጠዋት ከጎደለ የሌሊት በላተኛ መፈለግ አለበት።

መልስ (እመ አኒሞን)

የአኒሞኑ ጉዳይ ከዞአንቲዱ የተለየ ይመስለኛል፣ ወንድሜ። አንድ ነገር አድርግ፦ ካጎረስከው በኋላ ጥለኸው አትሂድ፤ አሥር ደቂቃ ቆመህ እየው። ክሊነር ሽሪምፑ ጣቶቹ መሀል ገብቶ ከአፉ ሲመነትፈው ታያለህ። እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት ወር ሙሉ አኒሞኔን አበላሁ ብዬ ሽሪምፔን ሳደልብ ኖሬአለሁ። አንዳንዴ የዋጠውን እንኳ ሆዱ ድረስ እጁን ሰዶ ያወጣበታል። የሚጎዳው የምግቡ መቀማት ብቻ አይደለም፤ በየጊዜው የአፉ አካባቢ ሲቧጨር አኒሞኑ ቶሎ ቶሎ ይሰበሰባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ታችና ላዩን ቆርጠህ ጎኑን ብዙ ቦታ ብሳው። መጀመሪያ ለሽሪምፑ በገንዳው ሌላ ጫፍ ድርሻውን ስጠው። ከዚያ የአተር ፍሬ የሚያህል የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ሥጋ ለአኒሞኑ አጉርሰህ ጠርሙሱን ክደንበት፣ የላይኛውንም አፍ በመረብ ሸፍነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ትልቅ ቁራጭ አትስጠው፤ ለመፍጨት ረጅም ሰዓት ይፈጅበትና ሌባው ጊዜ ያገኛል።

አንዳንድ ቀን ተኮማትሮ ብታየው ደግሞ አትደንግጥ፤ ቆሻሻውን ሲያስወጣም እንዲህ ይሆናል። የሚያስፈራው አፉ ተበርግዶ ሲቀርና ጣቱ መጣበቁን ሲተው ነው።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ትናንት ማታ የባትሪዬን መስታወት በቀይ ፕላስቲክ ጠቅልዬ መብራቱ ከጠፋ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተቀመጥኩ። በነጩ ብርሃን ሁልጊዜ ይሸሹኝ የነበሩት በቀዩ አልተነቃነቁም።

ሁለቱም ሽሪምፖች ዞአንቲዱ ላይ ነበሩ። አንደኛው በትንንሽ ጥፍሮቹ የተከደነውን ራስ ጫፍ ይዞ፣ ልክ ክር እንደሚጎትት ሰው ወደ ኋላ እየሳበ ቀስ በቀስ ሲበጥሰው አየሁት። ቀይ ናቸው፣ ጎናቸው ላይ ወፍራም ነጭ መስመርና ነጠብጣብ አለ፣ ጀርባቸው ጉብ ያለ ነው፣ ዓይናቸው ትልቅ። ከዓይኖቹ መሀል የሚወጣው እሾህ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይታጠፋል። የአኒሞኑንም ነገር አየሁት፤ እህቴ እንዳለችው ነው፣ ክሊነሩ አራት ደቂቃ እንኳ አልታገሠውም።

መልስ (ድንጋይ ሥር)

በቃ፣ ተገኘ። እነዚህ ካሜል ሽሪምፕ ናቸው። እውነተኛው ፔፐርሚንት ሰውነቱ ብርሃን ያሳልፋል፣ በቁመቱ ቀጫጭን ቀይ ክር ይሄድበታል፣ የፊቱ እሾህም አይታጠፍም። ሁለቱ ተመሳስለው በስህተት ይሸጣሉ። ካሜሉ ዞአንቲድና የእንጉዳይ ኮራል ይወዳል፣ አይፕታዢያውን ግን ላይነካው ይችላል። ክፉ እንስሳ ሆኖ አይደለም፤ ያለቦታው ገብቶ ነው። ዓሣ ብቻ ባለበት ገንዳ ደስ ብሎት ይኖራል።

በመረብ አታሳዳቸው፣ ድንጋዩን ሁሉ ታፈርሳለህ። ጠርሙስ ወስደህ አንገቱን ከነትከሻው ቁረጠውና ገልብጠህ አፉን ወደ ውስጥ ክተተው። ውስጡ ጠጠርና ቁራጭ የዓሣ ሥጋ አድርግ። የዚያን ቀን ማታ ገንዳውን ሳትመግብ፣ መብራቱ ሲጠፋ አፉን ወደ ድንጋዩ አዙረህ አስተኛው። ካሜሎች አብሮ መሆን ስለሚወዱ አንዱ ከገባ ሌላውም ሊከተለው ይችላል። ጠዋት በማለዳ አውጣው፤ የገባው ሥጋ ሲውል ውሃ ያበላሻል፣ ሌላም ፍጥረት አብሮ ታስሮ ሊገኝ ይችላል።

መልስ (እመ አኒሞን)

የመዶሻ ኮራሉ ነገር ተረሳ። ያልከፈተው ጎን ወደ አኒሞኑ የዞረው ነው?

ጠያቂ

አዎ! በመሀላቸው ያለው ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

መልስ (እመ አኒሞን)

እንግዲያው እሱን የነደፈው አኒሞኑ ነው። ሲዘረጋ ሞገዱ ጣቶቹን ወደዚያ ይወስዳቸዋል። አኒሞኑን ግን ከድንጋዩ አትላቅቅ፣ እግሩ ከተቀደደ ሊሞትብህ ይችላል። ኮራሉን አንሣውና ቢያንስ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር አርቀው። የፓምፑን መግቢያም በስፖንጅ ሸፍን፤ አኒሞን ቦታ መቀየር ሲጀምር ፓምፕ ውስጥ የሚገባው ያኔ ነው፣ ከገባ ደግሞ ገንዳው በሙሉ ይጎዳል።

ጠያቂ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ሌሊት አንዱ፣ ሦስተኛው ሌሊት ሌላው ተያዘ። ሁለቱንም ዓሣ ብቻ ለሚያረባ ወዳጄ ሰጠኋቸው። ካወጣኋቸው ጀምሮ አንድም ራስ አልጎደለም፤ ከዞአንቲዱ ሥር የክብሪት ራስ የሚያካክሉ አምስት አዳዲስ ቡቃያዎች ቆጥሬአለሁ። መዶሻው በሁለቱም ጎኑ ከፍቷል። አይፕታዢያው ግን አሁንም አለ፣ አንዳንዱም ዞአንቲዱ መሀል ነው የበቀለው። ፍቄ ላንሳው?

መልስ (ድንጋይ ሥር)

አትፋቀው። ከእግሩ ቁራጭ ከቀረ እንደገና ይበቅላል፣ ተነቅሎ የተበተነውም ሌላ ቦታ ይተከላል። ፓምፖቹን አጥፍተህ ካልኩዋሰር (የኖራ ዱቄት) ከትንሽ ውሃ ጋር እንደ ሊጥ ለውሰውና በመርፌ የአይፕታዢያው አፍ ላይ ጣልበት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ፓምፑን አብራ። በአንድ ቀን ከሦስት አራት በላይ አታድርግ፤ አልካሊኒቲውን ከፍ ያደርግብሃል። ለበዛው ደግሞ ቤርጊያ የምትባል ትንሽ ልባስ አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ አለች፤ ምግቧ አይፕታዢያ ብቻ ነው።

ዞአንቲዱን ስትነካ ጓንትና የዓይን መነፅር አድርግ። አንዳንዶቹ ውስጥ ፓሊቶክሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለ። ዞአንቲድ ያለበትን ድንጋይ በፍጹም አትቀቅል፣ በሙቅ ውሃም አትጠብ፤ እንፋሎቱን የሳቡ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል።