ክርክር፦ ሦስቱን ደቂቃ ይቁረጥ ወይስ አይቁረጥ?

የፒያሳዋ፦
አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን የተጨቃጨቅንበትን እዚህም ላምጣው። የማውቀው ዘጋቢ ፊልም ሠሪ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ የቀረጸውን ሊያሳይ አዳራሽ ጠየቀ። «ሦስት ደቂቃ አውጣና ይፈቀድልሃል» አሉት። በሦስቱ ደቂቃ አንዲት እናት የበራቸውን ማጠፊያ በቢላ ጫፍ ይፈታሉ። ምንም አይናገሩም፤ ቪቱን አንድ በአንድ እየነቀሉ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ይቋጥራሉ። በቃ ይሄው ነው። ምን ያድርግ?

ኤዲተሩ፦
ይቁረጥ። ቀሪውን ሰው ይየው። «ኦሮማይ»ን የጻፈው በዓሉ ግርማ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ እንደሱ ሁን ብሎ ሌላውን መገፋፋት ለእኛ ቀላል ነው። ልጁ ሁለት ሕፃናት ያሳድጋል፣ የካሜራ ኪራይ ዕዳም አለበት።

የአራት ኪሎው፦
አልስማማም ወንድሜ። ሕገ መንግሥቱ በ1987 አንቀጽ 29 ላይ ቅድመ ምርመራን፣ ማለትም ሳንሱርን፣ በማንኛውም መልኩ ከልክሏል። አሁን ግን «አውጣ» የሚባለው በስልክ ነው። ፊርማ የለው፣ ማኅተም የለው። እሺ ብሎ ከቆረጠ፣ ተከለከልኩ ለማለት እንኳ በምን ያስረዳል?

ጋሼ፦
ልጆቼ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ጎረቤት ቤት ተሰብስበን በቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ አየን። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ነበር። ደርግ የቤተ መንግሥቱን ድግስ መሃል መሃሉ ላይ ቀጠለበት፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ረሃቡም ድግሱም እውነት ነበሩ። አልቅሰናል። ነገር ግን ያው ደርግ በ1977 መባቻ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ሌላውን ረሃብ ሸሸገ፤ የኮረምን ረሃብተኞች ለዓለም ያሳየው የኬንያዊው መሐመድ አሚን ካሜራ ነው። መቀሱን የያዘ መንግሥት ዛሬ ያሳየህን ነገ ይደብቅሃል። ስለዚህ ለአዳራሹ ቢቆርጥ አልፈርድበትም፤ ዋናውን ቅጂ ግን ሦስት ቦታ ያስቀምጥ፣ አንዱን ከቤቱ ውጭ።

የአራት ኪሎው፦
ጋሼ፣ ማስቀመጡስ ይሁን። የሚያሳስበኝ ቀጣዩ ፊልም ነው። አንዴ የቆረጠ ሰው በሚቀጥለው ገና ሲቀርጽ ካሜራውን ያዞራል፤ ከልካይም አያስፈልገው።

የፒያሳዋ፦
ትናንት እናትየውን ጠየቅናቸው። «እኔ ከፊልሙ ከወጣሁ ምኑን ልታሳዩ ነው? ቤቱ እንደሆን ፈርሷል» አሉን። ቪቶቹ አሁንም በብርጭቆ ተቀምጠዋል።

ኤዲተሩ፦
ይሄን አልሰማሁም ነበር። ቃሌን አንስቻለሁ፣ አይቁረጥ። ግን የት ያሳየዋል?

የፒያሳዋ፦
እሳቸው የተዛወሩበት ኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ቅዳሜ ማታ፣ አንሶላ ወጥረን። ፕሮጀክተር ያለው ይንገረን።