አስቸኳይ! ሮም የያዝነው ቤት ተሰረዘብን፣ ነገ ማታ እንበራለን

ፍሬ ዘቦሌ (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ሮምን የምታውቁ ድረሱልኝ። ኮሎሲየም አጠገብ የያዝኩትን ቤት አከራዩ ከአንድ ሰዓት በፊት ሰረዘው። «ቧንቧ ፈንድቷል» ነው የሚለው። ነገ ማታ ነው የምንበረው፣ ለሦስት ሌሊት። አሁን ሳይ እዚያ አካባቢ የቀሩት ዋጋቸው አይቀመስም። ተርሚኒ የሚባል ሰፈር (ዋናው ባቡር ጣቢያ ያለበት) ርካሽ አለ፣ ግን ጓደኛዬ «እንዳትሞክሪው» አለችኝ። ትራስቴቬሬ ደግሞ ፎቶው በጣም ያምራል። የቱን ልያዝ? ስልኬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ ቶሎ በሉልኝ።

የካዛንቺስ ልጅ
ተርሚኒ ያዢ። አለቀ።

ተጓዥ 07
ስንት ሰው ናችሁ? በጀታችሁስ? ለስብሰባ ነው ለጉብኝት? እሱን ሳትነግሪን እኮ ከባድ ነው። ፋርማሲ ገብቶ «መድኃኒት ስጡኝ» እንደማለት ነው።

ጋሽ መንገዱ
ልጄ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ሮም ትልቅ ከተማ ናት፣ ማደሪያ አይጠፋም። ሰው የሚሳሳተው ካርታ ላይ ለታዋቂ ቦታ የሚቀርበውን ሲመርጥ ነው። ሮም ላይ የሚታየው የሜትሮ መስመሩ ነው። ዋናዎቹ ኤ እና ቢ ናቸው፣ ተርሚኒ ላይ ይገናኛሉ። ከተርሚኒ በቢ ኮሎሲየም ሁለተኛው ፌርማታ ነው። በኤ ደግሞ ኦታቪያኖ ስድስተኛው ነው፣ ከዚያ ቫቲካን በእግር አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። በእኛ ጊዜ ይህንን የሚነግረን አልነበረም፣ ካርታ ዘርግተን መንገድ ላይ ነበር የምንጨቃጨቀው። ደግሞ ተርሚኒ ስትወርዱ ፊት ለፊት ያለውን አደባባይ ልብ በሉት። ስሙ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው። እነማን መሰሉሽ? በ1887 እ.ኤ.አ. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ነው። መታሰቢያቸውም እዚያው አቅራቢያ ቆሟል። ሐበሻ ሆኖ እዚያ አልፎ ይህንን የማያውቅ ሲያጋጥመኝ ያንገበግበኛል።

ሚጡ ከሚላን
ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ ግን ልጅቷ ማደሪያ ነው ያጣችው 😀

የካዛንቺስ ልጅ
እሳቸውም ያሉት ያው ተርሚኒ ነው።

ሰንበትበት
እኔ ግን የማይገባኝ ከመጀመሪያውስ ለምን ኮሎሲየም አጠገብ? ኮሎሲየምን አንዴ ታዪዋለሽ፣ አበቃ። ማደሪያ የሚመረጠው ማታ ደክሞሽ በምትመለሺበት መንገድ ነው። አከራዩ የሰረዘብሽ ለበጎ ነው ባይ ነኝ።

ፍሬ ዘቦሌ (ጠያቂ)
ለበጎ ነው አትበሉኝ እባካችሁ፣ ሆዴ እየተላወሰ ነው። ሁለት ነን፣ እኔና እማዬ። 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አትችልም። ከሮም በኋላ ስቱትጋርት እህቴ ጋ ነን። እማዬ ቫቲካንን ማየት ትፈልጋለች፣ የአክሱም ሐውልት የነበረበትንም ቦታ። በሌሊት እስከ 130 ዩሮ እችላለሁ።

ተጓዥ 07
ይኸው፣ ዋናውን ነገር አሁን ነገርሽን። ከጉልበታቸው እንጀምር።

ሮማ 14 ዓመት
እህቴ፣ እዚሁ ነው የምኖረው። ትራስቴቬሬን እርሺው። መንገዱ ትናንሽ ጥርብ ድንጋይ ነው። የሻንጣ ጎማ ይይዛል፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው ሥቃይ ነው። ሜትሮ የለውም፣ ትራም ነው ያለው። ማታ ደግሞ መጠጥ ቤቱ ሁሉ በር ላይ ነው። ከኤርፖርቱ የሚመጣው ርካሹ ባቡር «ትራስቴቬሬ» የሚባል ጣቢያ ይቆማል፣ ግን ፎቶ ላይ ያየሽው ሰፈር ከጣቢያው ይርቃል። ብዙ ሰው ይሸወዳል።

ተርሚኒ ጓደኛሽ እንዳለችው አይደለም፣ ግን ዝም ተብሎም አይያዝም። በቪያ ማርሳላ በኩል ወደ ኢንዲፔንዴንሳ አደባባይ ያለው ጎን ይሻላል። የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ያሉት እዚያ አካባቢ ነው፣ እናትሽ ሽሮ ቢያምራቸው ሩቅ አይሆንም። ጣቢያው ውስጥና አውቶቡስ ላይ ቦርሳችሁን ፊት ለፊት ያዙ። በተለይ ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር ላይ ሌባ አይጠፋም።

ለእናትሽ ግን እኔ ፕራቲን ነው የምለው። ቫቲካን ጎን ነው። መንገዱ ሰፊና ሜዳ ነው፣ ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው። ኦታቪያኖ ወይም ሌፓንቶ ሜትሮ አጠገብ ፈልጊ።

የካዛንቺስ ልጅ
ፕራቲ ውድ ነው። ተርሚኒ ያዢ።

አራዳው በሮም
እኔ ብሆን «ቪያሌ ኢትዮጵያ» ላይ ነው የማድረው! አልቀለድኩም፣ መንገዱ አለ። ቪያሌ ኤርትራም ጎኑ ነው፣ የአዲስ አበባ አደባባይም አለ፣ የጎንደርም። ሰፈሩ ራሱ «የአፍሪካ ሰፈር» ነው የሚባለው። እማማ አዲስ አበባ አድረው ጎንደር ቁርስ ይበላሉ 😂

ሮማ 14 ዓመት
ቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር አለ። ሰፈሩ የነዋሪ ሰፈር ነው፣ ቱሪስት አይበዛውም። ሜትሮው «ሊቢያ» የሚባለው ጣቢያ ነው፣ ቀጥታ ተርሚኒ ያወርዳል። ስትመለሺ ግን ቢ መስመር ቦሎኛ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ባቡሩ ላይ «ጆኒዮ» የሚለውን አይተሽ ግቢ። «ሬቢቢያ» የሚለው ሌላ ቦታ ይወስድሻል። ለሦስት ቀን ግን ከእናት ጋር ይርቃል።

ሚጡ ከሚላን
ፍሬዬ፣ የትም ያዢ የት፣ ከመክፈልሽ በፊት ደውለሽ ስለ ሊፍቱ ጠይቂ። «ሊፍት አለ» የሚለውን ብቻ አትመኚ። እኔ እናቴን ሮም ይዤ ሄጄ ሊፍቱ ጋ ለመድረስ ራሱ ስድስት ደረጃ ነበረው። ሊፍቱ ደግሞ እንደ ቁም ሳጥን ጠባብ ነው። ከውስጥ ሁለት የእንጨት መዝጊያ አለው፣ ሁለቱንም በእጅሽ ገፍተሽ ካልዘጋሽ አይነሳም። እኛ አላወቅንም፣ ቁልፉን እየተጫንን ቆመናል። እናቴ «መብራት ሄደ እንዴ?» አለችኝ። አንዲት ጎረቤት መጥታ ዘጋችልን። ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ ከመንገዱ እስከ ሊፍቱ ስንት ደረጃ አለ? መታጠቢያውስ ገንዳ ነው ወይስ እግር ሳያነሱ የሚገቡበት?

ተጓዥ 07
እኔም ልጨምር። በረራችሁ የሌሊት ከሆነ በማለዳ ነው የምትደርሱት። ክፍል ግን ብዙ ቦታ የሚሰጠው በእነሱ 15:00 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት። እማማ እስከዚያ የት ይቀመጣሉ? ለዚህ ስትይ የሰው ቤት ተዪና እንግዳ ተቀባይ ያለው ሆቴል ያዢ። ሻንጣ ያስቀምጡልሻል፣ ክፍሉ ከደረሰም ቶሎ ያስገቡሻል። ደግሞ የቪዛ ማመልከቻሽ ላይ ያለው አድራሻ የተሰረዘው ቤት ነው አይደል? አዲሱን ሪዘርቬሽን አትመሽ ያዢ። ድንበር ላይ የት እንደምታርፉ ሊጠይቁሽ ይችላሉ።

ጋሽ መንገዱ
ጥሩ ብለሃል። ከኤርፖርት ቀጥታ ተርሚኒ የሚገባው ባቡር ሌዮናርዶ ኤክስፕረስ ነው፣ 32 ደቂቃ ይፈጃል፣ ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ነው። ለሁለት 28 ሆነ ማለት ነው። ከሻንጣና ከእናት ጋር ግን ታክሲ ያዢ ልጄ። በጥንቱ የከተማ ግንብ ውስጥ ላለ አድራሻ 55 ዩሮ ቁርጥ ነው። ተርሚኒ ግንቡ ውስጥ ነው። ፕራቲ ከሆነ ሳትነሱ ሂሳቡን ጠይቂ፣ በቆጣሪ ሊሆን ይችላል። ነጩን ታክሲ ከሰልፉ ላይ ያዢ። አዳራሹ ውስጥ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ የሚጠጋሽን አትከተዪ።

ሰንበትበት
የከተማ ግብሩንም አትርሺ። በሰው በሌሊት ነው፣ ባለ 3 ኮከብ ሆቴል 6 ዩሮ። ለሁለታችሁ ለሦስት ሌሊት 36 ዩሮ። ብዙ ጊዜ ኦንላይን ከከፈልሽው ውጭ ነው። ጥሬ ገንዘብ ያዢ። ደግሞ «ገንዘብሽን እንድንመልስ ካርድሽን እንደገና አስገቢ» የሚል መልእክት ከመጣ አትንኪው። ተመላሹ በከፈልሽበት ካርድ ራሱ ነው የሚገባው።

ፍሬ ዘቦሌ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሌፓንቶ አጠገብ ባለ 3 ኮከብ አገኘሁ፣ 124 ዩሮ፣ ከቁርስ ጋር። እስከ ነገ ጠዋት በነጻ ይሰረዛል። ልደውል ነው፣ ስለ ደረጃው ልጠይቅ።

ጋሽ መንገዱ
ሐውልቱ የነበረበት ቦታ ቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ እንደወረዳችሁ ነው፣ ፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ፊት ለፊት። በ1937 እ.ኤ.አ. ወስደው ያቆሙት እዚያ ነበር፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ነው አገሩ የገባው። ለእናትሽ ቦታውን አሳዪያቸው፣ እኔ ብቻዬን ሄጄ ስቆም እንባዬ መጣ።

ሮማ 14 ዓመት
ፍሬ፣ ምን አሉሽ? ደረጃ አለው?

ሚጡ ከሚላን
ፍሬዬ ዛሬ ገብታችኋል መሰለኝ። እማማ እንዴት ሆኑ? ሊፍቱስ?

የካዛንቺስ ልጅ
ተርሚኒ ያዙ?